ሱረት የበላው አፍንጫ

አማቴ እማማ ሙቻኔታ ሱረት መሳብ የጀመሩት በተዳሩ በዓመታቸው ነው። ያስለመዷቸው ባላቸው አባባ ሩኔሱ ናቸው። ትምባሆውን ጓሮ ዘርተው፣ አድርቀው፣ በድንጋይ ፈጭተውና አመድ ቀላቅለው አውራ ጣት በምታህል ቅል ይሰጧቸው ነበር። በእኛ አገር በቡሄራ ሱረት ነውር አይደለም። የሞቱ አባቶችን ስናነጋግር መጀመሪያ ቆንጠር አድርገን መሬት ላይ የምናኖርላቸው ሱረት ነው፤ የተረፈውን ተናጋሪው ይስበዋል። ሙታን የወደዱትን እኔ ብወደው ማን ይቆጣኛል፣ ይሉ ነበር እማማ።

እኔ ለልጃቸው ተድሬ ግቢያቸው ስገባ እሳቸው ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ሱረቱን ከለመዱ አርባ ዓመት አልፏል። ጠዋት ከመኝታቸው ሳይነሱ የመጀመሪያዋን ካልሳቡ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ደህና አደሩ ያላቸውን ሁሉ ይሰድባሉ። ሲስቡ ደግሞ ልባቸው ይደልቃል። እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ ያኖሩና «ስሚው፣ ሰርግ አለ» ይሉኛል። ከአፍንጫቸው ቡናማ ውሃ ይወርዳል። መሐረባቸው ቢታጠብ አይነጣም፤ አጣቢዋ እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የአፍንጫቸው ጠርዝ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ያበቅላል፣ ቅርፊቱ ሲነካ ይደማል። በበጋ ነፋሱ ሲደርቅ ደግሞ በተቀመጡበት ነስር ይለቅባቸዋል። እሳቸው ግን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ።

አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በባትሪ አየቻቸው።

«እማማ፣ ውስጡ ተልጦ አልቋል። ደም ግፊትዎም ከፍ ብሏል። ይህን ነገር ይተዉት» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ባልሽን ፍቺ በይኝ፣ እሱ ይቀለኛል» አሏት።

አባባ ሩኔሱ ውጭ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሲስቁ ሰማኋቸው።

እማማ የታወቁት ግን በጠላቸው ነው። ሌላው ጠማቂ በጭልፋ ይቀምሳል። እሳቸው ክዳኑን ገለጥ አድርገው ጎንበስ ይሉና «ነገ» ወይም «ዛሬ ከሰዓት» ይላሉ፤ ያሉትም ይሆናል። ከሦስት መንደር ይጠሯቸዋል። የሙቻኔታ አፍንጫ ያለፈው ጠላ ሆድ አይነፋም ይባላል።

ያ አፍንጫ እንደሞተ ያወቅሁት በሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከጓሮ ጎመን ቀንጥሼ ስመለስ ማድ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እማማ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ለውዝ ይፈለፍላሉ፤ ከኋላቸው ፍም የነካው ብርድ ልብስ ይጨሳል። ጎትቼ አውጥቼ ረገጥኩት። የተቃጠለ ሱፍ ሽታ እንደምታውቁት ነው፤ የሞተ ሰው የሚቀሰቅስ ነው። እሳቸው ዞር ብለው ብርድ ልብሱን አዩና ወደ ለውዛቸው ተመለሱ። ወጡ ለምን እንደዚያ ጨው ይበዛበት እንደነበር ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ጆሳያን ጡት ካስጣልኩ ወዲህ መሰለኝ። ቀስ እያለ ነው የሄደው» አሉኝ። ጆሳያ ባሌ ነው። «ለሰው ከነገርሽ አፍንጫሽን እቆርጠዋለሁ።»

«ቢቆርጡት ማን ያሸትልዎታል?» አልኳቸው። እንዲህ ነው የተስማማነው።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱን ሁሉ አፍንጫቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ክዳኑን ይገልጣሉ፣ እኔ በአጠገባቸው አልፋለሁ። ደርሶ ከሆነ «ውሃ ልቅዳ?» እላለሁ፤ ካልደረሰ «እንጨት ላምጣ?» እላለሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ለታዛቢ ሲሉ አየር ይስቡና ይፈርዳሉ። አንድም ሰው አልነቃም። መንደሩን ያታለልነው በዚያ ብቻ ነው፤ እኔም አላፈርኩበትም።

አባባ ሩኔሱ የሞቱት እማማ ስልሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ነው። በሬ ጠምደው ውለው ገብተው ምግብ ሳይቀርብ ጋደም አሉ፣ አልተነሱም። እማማ አላለቀሱም። ቀብሩ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጠው ሱረታቸውን ሳቡ። ከቀብር መልስም ከብቱን አስገቡ፣ እራት ሠሩ። አንዳንዴ ወደ በሩ እያዩ ይቀመጣሉ። «ምን ይሰማዎታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ምንም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው» አሉኝ።

አለማልቀሳቸውን የቆጠረችባቸው ቴቴ ሴኬሳይ ናት። ቴቴ የምንለው የባልን እህት ነው፤ ይህች የአባባ ሩኔሱ እህት ነች፤ በቤቱ ላይ እንደ ባል ታዛለች። ስለ እሷ ሳወራ አንቱታው ከአፌ አይወጣም፤ ታላቄ ብትሆንም ይቅር በሉኝ። «ያላለቀሰች ሚስት ሌላ የሚያስቃት አላት» ብላ ሄደች።

ዓመት ሲሞላ የሟች መንፈስ ወደ ቤቱ ይጠራል። ለዚያ ሰባት ቀን የሚጠመቅ የዳጉሳ ጠላ አለ። ሟቹ ጠላውን ከወደደው ይገባል፤ ካልወደደው ጠላው ይበላሻል። ከተበላሸ ምክንያቱ የሚፈለገው ሌላ ቦታ አይደለም፤ የመበለቲቱ አልጋ ላይ ነው። ዓመቱን ከወንድ ርቃ የቆየች መሆኗን በሟቹ ዱላ ላይ ተራምዳ ታሳያለች። ጠላው ከተበላሸ ግን ዱላውም አያድናትም፤ ዕድሜዋ ከስልሳ ቢያልፍም ወደ አባቷ መንደር በስድብ ትሸኛለች።

ያን ጠላ መንካት የሚችሉት የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ወደ መጥመቂያው ጎጆ ደጃፍ እንኳን አልቀርብም።

«ጎረቤት ይጠሩ። አንዷ አሮጊት ታግዝዎት» ብዬ ለመንኳቸው።

«የባሌን ጠላ ሌላ እጅ አያማስለውም።»

«እማማ፣ ማን ያሸትልዎታል?»

«ሃምሳ ዓመት ጠምቄያለሁ። እጄ ያውቀዋል» አሉ።

እጃቸው ያላወቀው ብቅሉን ነው። የካቲት ላይ ዝናብ በጣራው ገብቶ የብቅሉን ጆንያ ከሥሩ አርሶት ነበር። ዳጉሳ ጠቆር ያለ እህል ነው፤ ሻጋታው ለዓይን አይታይም። የሚያውቀው አፍንጫ ነው።

በአራተኛው ቀን ነፋሱ ከጎጆው ወደ እኔ ዞረና ሸተተኝ። ሽታው የእርጥብ ጉድጓድ ነበር። አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራኋቸው።

«እማማ፣ እንጨት ላምጣ?»

ብቅ ብለው አዩኝ። «ትናንት ሳሙና ሸቶሽ አስመልሶሻል። ከትናንት ወዲያ የገዛ ባልሽ ሸቶሽ ውጭ አስተኛሽው። የእርጉዝ አፍንጫ ቀጣፊ ነው። ሂጂ ተኚ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኔም ራሴን አላመንኩም፤ ሄጄ ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ እኛ ምራቶች ከበሩ አጠገብ ተቀመጥን። የመጀመሪያዋ ቅል ለቴቴ ሴኬሳይ ተቀዳላት። ወደ አፏ አስጠጋችና ሳትቀምስ መለሰችው። ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የጠጣ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ተጎንጭቶ ወጥቶ ተፋ።

«ወንድሜ እንቢ አለ» አለች ቴቴ ሴኬሳይ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ዱላውን መልሱት፣ መራመድ አያስፈልጋትም። ማነው ሰውዬው፣ ሙቻኔታ?»

«ኧረ ቴቴ፣ በዚህ ዕድሜያቸው?» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«አሮጌ ድስት አይፈላም ያለህ ማነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ጆሳያ አንገቱን ደፋ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እማማ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል ሰጥቼ ነበርና ዝም አልኩ። መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ አጣጥፈው አስቀመጡት።

«ቴቴ፣ ወንድምዎን አልከዳሁም» አሉ። «ብቅሉ ሻግቶ ነው መሰለኝ። እኔ አይሸተኝም። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ሱረቱ በልቶታል።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተነሣ። «የሦስት መንደር አፍንጫ ሞተ?» አለች አንዷ።

«ሌላ ሰበብ አጥታ ነው» አለች ቴቴ ሴኬሳይ። «እሺ፣ ዓይኗን እሰሩልኝ።»

በመቀነት አሰሯቸው። መጀመሪያ የፍየል በጠጥ በቅጠል ይዘው አፍንጫቸው ሥር አቀረቡላቸው። «እንጃ» አሉ። ዝንጅብል ቀጥቅጠው አቀረቡ። «እንጃ።» ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እንጃ ማለት ማን ያቅተዋል?» አለች ቴቴ ሴኬሳይ። «ምላስ ይዋሻል። ፊት የማይዋሽበትን ነገር አመጣላታለሁ።»

በዚያ ቀን ለዘመድ የሚከፋፈል የሟች ልብስ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እሷ ራሷ ፈታችው፤ የአባባ ሩኔሱን ኮት አወጣች። ከሞቱበት ቀን ወዲህ ውሃ አልነካውም። በሩ ጋ ሆኜ ሽታው ደረሰኝ፤ ሰውዬው የገቡ መሰለኝ። ጆሳያ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። ቴቴ ሴኬሳይ ኮቱን ፊታቸውን ሳታስነካ፣ ጣት በማይሞላ ርቀት ይዛ ቆመች። ሁሉም ሰው የሚያየው የእማማን ፊት ነው።

እማማ አየሩን በኃይል ሳቡ። በአንዱ ቀዳዳ፣ ከዚያ በሌላው። ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት እንኳን አልተንቀሳቀሰችም።

«ገና አላመጣችሁም?» አሉ።

እያስመሰሉ ይሆናል ብዬ እኔ ራሴ ፊታቸውን አጠናሁት፤ አልነበረም። ቴቴ ሴኬሳይ ኮቱን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መቀነቱን ፈታችላቸው።

«ንጹህ ነሽ፤ አጥፍቻለሁ» አለቻቸው። ቀጥላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች፦ «ሌላ ጠላ ይጠመቃል። ከማዶ ሰው ይጠራ፤ ሙቻኔታ ከእንግዲህ ጎጆው አትገባም።»

እማማ ይህን የሰሙ አይመስለኝም። ኮቱን ነበር የሚያዩት። ክርኑ ላይ የራሳቸው እጅ የሰፋችው እራፊ አለ። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉና ፊታቸውን ቀበሩበት። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ልቅሶ መስሎን ነበር፤ ግን አየር እየሳቡ ነው። ደጋግመው ሳቡ፣ ነስራቸው ወርዶ ገበሩን እስኪያቀላው ድረስ። ከዚያ ተነሥተው በሰው መካከል አልፈው እኔ አጠገብ ተቀመጡ፤ ኮቱን ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ምን ይሸታል?» አሉኝ።

አንስቼ አሸተትኩት። «የበሬ» አልኳቸው። «የጭስ። እርጥብ ገመድ ነገር። ላብ። አንገቱ ጋ ሱረት አለ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ደሙ ከንፈራቸው ላይ ደርሷል፣ አልጠረጉትም።

«ሌላስ?» አሉኝ።