መቶ በመቶ ቆርቆሮ፣ አንጁሎ ሲቀነስ

በ2004 ዓ.ም. ቀበሌያችን ሣር እንድትጠላ ታዘዘች። ትእዛዙ የመጣው ከወረዳ ነው። ለወረዳው ከየት እንደመጣለት አልጠየቅንም፤ ጥያቄ በአንድ ለአምስት አጀንዳችን ውስጥ አልነበረም። «የሣር ክዳን ቤት የኋላ ቀርነት መገለጫ ስለሆነ እስከ የካቲት ሠላሳ ድረስ ሙሉ በሙሉ ወደ ቆርቆሮ ይለወጥ» ይላል ደብዳቤው። አራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ነበረን። አራት መቶ አሥራ አንዱ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ ዝርዝሩን ተዉት። አንዳንዱ በሬውን ሸጦ ከደነ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎብኚ የሚመጣው በመንገድ ነው ብሎ በመንገዱ በኩል ያለውን ጎን ብቻ ቆርቆሮ አለበሰ። የቀረው አንድ ሰው አንጁሎ ነበር።

እኔ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፤ አሮን እባላለሁ። ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ ተምሬ፣ ከሻንቶ በላይ ወዳለችው ወደዚች ቀበሌ ተመደብኩ። ሥራዬ መጻፍ ነው። ስብሰባችን በወላይትኛ ይካሄዳል፣ ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ይጻፋል። በሁለቱ መካከል የሚጠፋውን የማጠፋው እኔ ነበርኩ፤ የሚጨመረውንም የምጨምረው እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለሃያ ስድስት ዓመት ልጅ መስጠት ምን ያህል ደግነት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ቢሯችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። በጥር እኩለ ቀን ላይ ሊጥ ቢያስቀምጡበት ይበስላል፤ በሐምሌ ጠዋት ደግሞ ጣቶቼ እስክሪብቶ አይጨብጡም። ዝናብ ሲመጣ ማንም የማንንም ንግግር ስለማይሰማ፣ የክረምት ውሳኔዎቻችን በሙሉ ያለ ተቃውሞ ይጸድቃሉ። ይህን ዓይነት ቤት ነበር ለሕዝቡ የምንመኝለት።

አንጁሎ ደግሞ ቤት ከዳኝ ነው። ስድሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ በቀርከሃ የተፋቀ ሰው ነው። ከአረካ እስከ ቤሌ ድረስ ጫፉ ላይ ያልወጣበትን ሣር ቤት መቁጠር ይቀላል። ከታች ይጀምራል፣ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፣ እያንዳንዷን ጭብጥ ሣር በእጁ መዝኖ ያስራታል። ደቦ የወጣው ጎረምሳ አጥብቆ ካሰረ ያስፈታዋል፣ አላልቶ ካሰረም ያስፈታዋል። በዘመቻው ምክንያት ሥራው ሲሞት ቀበሌያችን አልጨከነችበትም፤ የራሱን ክዳኖች እንዲያፈርስ በቀን አበል ጋበዘችው። እሱ ግን ምስጋና የማያውቅ ሰው ስለሆነ እምቢ አለ።

የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ይዤለት የሄድኩት የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ሚስቱ አሳየሽ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አስም አለባት፤ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል። ውጪው ያቃጥላል፣ የቤቱ ውስጥ ግን ልከኛ ነው።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ሣር ኋላ ቀር ነው ተብሏል» አልኩት።

«ሣሯ ምን አደረገች?»

«ቆርቆሮ የተሻለ ነው ነው የሚሉት።»

ደብዳቤውን ሳያነብ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ማንበብም አይችልም። «ስማ ልጄ» አለኝ፤ «ሣር ቤትን የሚያሞቀው እሳት ኖሮት አይደለም። የለበስከው ጋቢስ እሳት አለው? የሚሞቀው አንተ ነህ፤ ጋቢው ሙቀትህ ጥሎህ እንዳይሄድ ይይዝልሃል። የሚይዘውም ክሩ አይደለም፣ በክርና በክር መሀል የተኛ አየር ነው። አየር ከሮጠ ሙቀት ይዞ ይሮጣል፤ ከተኛ ግን ሙቀቱም መንገድ ያጣል። አርባ ዓመት ሣር ሳስር የኖርኩ ይመስልሃል? አየር ነው ሳስር የኖርኩት።»

በደጅ የምትጭረውን ዶሮ በአገጩ አሳየኝ። «እሷ በሐምሌ ላባዋን ነፍታ እጥፍ ስትሆን አላየህም? አልወፈረችም፣ አየር ለብሳ ነው። ሊቀመንበራችሁ ቦልቴ ደግሞ በብርድ በሸሚዝ ብቻ ይውላል። ጀግና ሆኖ አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ጮማ አለው። ጮማም እንደ ሣር ነው፣ ሙቀት አያሳልፍም። አሳየሽን ግን እያት። ሥጋ የላትም። የሷ ጮማ ይሄ ክዳን ነው። ይሄን ካነሣችሁባት ክረምቱን አትወጣውም።»

በቦልቴ ስቄ ነበር። ወደ አሳየሽ ሲደርስ ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ግን ሥራ ሥራ ነውና አውራ ጣቱን በቀለም ነክሬ አስፈረምኩት። ክዳኑ የሚፈርሰው በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ፣ ጎብኚዎች የሚመጡት በማግስቱ ዓርብ ሆነ።

ያው ሳምንት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሳምንት መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ብሩክታይት ሰኞ ዕለት ክትባቱን ከበረዶ ጋር በሳጥን ተረከበች። የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሦስት ወሩ ነው፤ ጠጋኙ «በመንገድ ላይ ነው» ይባላል። ኬላው ደግሞ ዘመናዊ ስለሆነ ቆርቆሮ ነው። ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በረዶው ማላብ ጀመረ።

በክትባቱ ጠርሙስ ላይ ትንሽ ክብ ታትማለች፣ በክቧ ውስጥ ነጭ አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት ባገኛት ቁጥር ትጠቁራለች። ከክቧ እኩል ከጠቆረች ክትባቱ ሞቷል፣ ይጣላል። ብሩክታይት ጠርሙሶቹን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ሳጥኑን ተሸክማ በቀጥታ አንጁሎ ቤት ሄደች። ልጅቷ ስብሰባ ብዙም አትወድም ነበር።

አንጁሎ ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። በአንድ ጥግ ተሰንጥቆ ነበርና በስንጥቁ ውስጥ ያለውን ነጭ ስፖንጅ በጥፍሩ ነካ አደረገ። «እነሱም አየር አስረዋል» አለ። ከዚያ ሳጥኑን ቅቤ በሚቀመጥበት በጓዳው ጨለማ ጥግ አኑሮ፣ ዙሪያውን በደረቅ ኮባ ጠቅጥቆ፣ ከላይ የአሳየሽን ብርድ ልብስ አለበሰው። ብሩክታይት ጠዋት ለቀኑ የሚበቃትን ብቻ በትንሿ መያዣ ይዛ ትወጣለች፤ ሳጥኑ ሌላ ጊዜ አይከፈትም። ማክሰኞ በረዶው እንደ ድንጋይ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሊቀመንበራችን አቶ ቦልቴ የነገውን የማፍረስ ሥራ ሊያጠና መጣ። እኔም ማስታወሻ ልይዝ ተከተልኩት። አንጁሎ እርሻ ላይ ነበር። ቦልቴ ጓዳ ገባና ብርድ ልብስ የለበሰውን ሳጥን አየ።

«በረዶ ውስጡ ያለው ይሄ ነው?» አለ።

«አዎ» አለች አሳየሽ።

«እና በረዶ ላይ ብርድ ልብስ ይለበሳል? ሰው እንኳ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ አይለብስም። የመንግሥትን ክትባት ልታቀልጡ ነው?»

አሳየሽ ልትናገር ስትል ሳሏ ቀደማት። ቦልቴ ብርድ ልብሱን ገፈፈ፣ ኮባውን በተነ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ደጃፍ አወጣ፣ «ንፋስ ያግኝ» ብሎም ክዳኑን ከፈተው። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ሊቀመንበሩ በቦታው ተገኝተው ክትባቱን ከአደጋ ታድገዋል» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ እያየ፣ እጄ ይህን ጻፈ።

ብሩክታይት በዘጠኝ ሰዓት ስትመለስ ሳጥኑ ፀሐይ እየሞቀ ደረሰች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ በሁለት ከፈለቻቸው። ከጠቆሩት ጎን ሃያ ሁለት ተደረደሩ።

«አቶ ቦልቴ» አለችው፣ «ብርድ ልብሱ ሙቀት ከየት ያመጣል? የውስጡን ሙቀት እንዳይወጣ እንደሚከለክል ሁሉ፣ የውጪውን እንዳይገባ ይከለክላል። ለሱ ሰውም በረዶም አንድ ነው።»

ቦልቴ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። «ይህን የሚል መመሪያ አልደረሰንም» አለ።

ለምትክ ጠርሙስና በረዶ ባጃጅ ወደ ሻንቶ ተላከ፤ ሳጥኑም ወደ ጓዳው፣ ብርድ ልብሱም ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። የዚያን ዕለት ማምሻውን የተሰበሰብነው በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት መቶ በመቶዎች ስለተጣሉብን ነው። ነገ ሣሩ ከፈረሰ ክትባቱ ይበላሻል፤ የክትባት መቶ በመቶ ቀረ። ሣሩ ካልፈረሰ የቆርቆሮ መቶ በመቶ ቀረ። ቦልቴ ላቡን ይጠርጋል። የሕፃናቱ ነገር ያስጨነቀው ካለ ብሩክታይት ብቻ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው እኔ ብልህ የሆንኩት። «ቤቱ መኖሪያ ካልሆነ በመኖሪያ ቤት አይቆጠርም» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ጻፍኩ፦ «በአንጁሎ ግቢ የሚገኘው የሣር ክዳን ቤት መኖሪያ ሳይሆን የቀበሌው ጊዜያዊ የክትባት ማከማቻ መሆኑ ተረጋግጧል።» አንጁሎን ከአባወራ መዝገብ ሰረዝኩት። ከአራት መቶ አሥራ አንድ አራት መቶ አሥራ አንድ። መቶ በመቶ።

ዓርብ ጎብኚዎቹ መጡ። ሣር ቤቱን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ቦልቴ «የባህላዊ ቅዝቃዜ ቴክኖሎጂ ማዕከላችን ነው» ሲላቸው ግን ፎቶ ተነሡበት። ቀበሌያችን የምስክር ወረቀት አገኘች። ቅዳሜ የመጨረሻው ሕፃን ሲወጋ በጠርሙሱ ላይ ያለችው አራት ማዕዘን ነጭ ነበረች። አንጁሎ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ቤቴን አተረፍክልኝ» አለኝ። አሳየሽም ድንች መሰሉን ቦዬ ቀቅላ ላከችልኝ። ያን ቦዬ እየበላሁ በራሴ ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ግንቦት ላይ ከወረዳ ደብዳቤ ደረሰን። የክትባት ማከማቻችንን አድንቀዋል። ማከማቻው ግን በሣር መሆኑ ስላሳዘናቸው ለማሻሻያ የሚሆን አርባ ስምንት ቆርቆሮ ፈቅደውልናል። የኬላው ማቀዝቀዣ በዚያው ወር ተጠግኗል፤ ማከማቻ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ሆኖም የተፈቀደ ቆርቆሮ አይመለስም።

«ቤቱ እኮ የሰውዬው ነው» አልኩት ቦልቴን።

«ያንተን ጽሑፍ አንብብ» አለኝ። አነበብኩት። የቀበሌው ይላል። የእጅ ጽሑፌም ያምራል።

የልማት ሠራዊቱ ሠላሳ ሰው ሆኖ ሄደ። ክዳኑን በሜንጫ ሊገነጣጥሉት ሲሉ አንጁሎ ከለከላቸውና ራሱ ጫፉ ላይ ወጣ አሉ። ከላይ ጀምሮ እየዞረ ወደ ታች ወረደ፤ ያሰረውን ሁሉ በእጁ ፈታው። ሠላሳው ሰው ቆሞ ጠበቀው ይባላል። እኔ አላየሁም። የዚያን ቀን ሶዶ ላይ አስቸኳይ ሥልጠና ነበረኝ፤ አስቸኳይ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ባዶው ቤት ተቆለፈ፣ ቁልፉንም ቦልቴ ያዘው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንጁሎ ቢሮዬ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። ጋብ እስኪል ፊት ለፊት ተያይተን ተቀመጥን። ረጅም ጊዜ ነበር፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ለአሳየሽ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለ ዝናቡ ሲያባራ። «ወደ ሶዶ ልወስዳት ነው።»

ቅጹን አወጣሁ። የቤት ቁጥር ይላል። መዝገቡን ገለጥኩ፣ አንጁሎ የለም። የሰረዝኩበት መስመር አለ።

«አሁን የት ነው የምትኖሩት፣ ጋሽ አንጁሎ?»

«ከላሚቱ ጋር። የከብት ቤቷን ከዚያ በተረፈው ሣር ከድኛታለሁ። ከብት በሪፖርት አይቆጠርም ብለው ነው የተዉልኝ። ላሚቱም ትተነፍሳለች፣ ትንሽ ታሞቀናለች።»

የቤት ቁጥሩን ከተሰረዘው መስመር ገለበጥኩ። ቅጹ ቀጥሎ «የጣሪያ ዓይነት» ይላል፤ ሣር ወይም ቆርቆሮ። ሣር ብዬ ብጽፍ መቶ በመቶው ይጎድላል፣ ሠራዊቱም ወደ ከብት ቤቱ ይመጣል። ባልጽፍ ሐኪም ቤት ደብዳቤውን አይቀበልም።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለኝ።

«ቆርቆሮ።»

«ደግ አደረግህ» አለ። ማኅተሙን መታሁለት። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ አኖረው።

ተከትዬው ስወጣ ከቢሮው ማዶ ከእንሰቶቹ ሥር አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ ያለችው አሳየሽ ናት፤ በጋቢ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ደረቅ ኮባ፣ በኮባው ላይ ላስቲክ ተደርቦላታል። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ እዚያ ነበሩ ማለት ነው።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ለምን ቢሮ አላስገቧትም?» አልኩት። «በሩ ክፍት ነበር።»

አንጁሎ ቀና ብሎ ጣሪያዬን አየ።

«ይበርዳታል» አለኝ፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀብሎም ወደ መንገዱ ወረደ።