ለሚጣ የሚሆን አልጋ

ላውንደሪው ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «ካውያ» ይሏታል። እንደሷ ሸሚዝ የሚተኩስ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትግልም ነው። ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ ትበርዳለች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ጓደኞቹ «ቀለሜ» ብለው ይጠሩታል። «ተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ አላውቅም፤ የጎበዝ ተማሪ ስም ያገኘሁት በብሩሽ ነው» እያለ ራሱ ይስቅበታል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሚጣ። ሚጣ ሁለት ዓመት አልፏት ቃል ማገጣጠም ስትጀምር እናቲቱን ሳል ያዛት። መጀመሪያ የካውያው እንፋሎት ነው ተባለ። ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ። በኋላ ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ሳንባ ነው አለ። ከከተማ ውጭ ወዳለ የሳንባ ሆስፒታል ተላከች፤ ልጅ አጠገቧ እንዳይደርስ ተባለ። አባትየው ደግሞ ውሎው መሰላል ላይ ነው። ሕፃን አዝሎ መሰላል አይወጣ ነገር ጨነቀው። በመጨረሻ ታላቅ እኅቱ ራቅ ካለ ከተማ መጣችና ሚጣን በሻርፗ ጠቅልላ ይዛት ሄደች። እኅቱ ልጅ አልወለደችም። «ለጥቂት ወር ነው» ተባለ።

ወሩ ዓመት ወለደ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። ካውያ አንድ ጊዜ ተሻላትና ልታያት ሄዳ ነበር። ሚጣ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች፤ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ሰፈሩ እስኪሰማ እሪ አለች። ካውያ ሳትቀመጥ ተመለሰች ማለት ይቻላል። ብዙም ሳትቆይ ሕመሙ አገርሽቶ እንደገና አስተኛት። ከዚያ ወዲህ «ሂጂና እያት» ሲሏት፣ «ስሄድ ላመጣት ነው እንጂ ላስለቅሳት አልሄድም» ትላለች።

ቀለሜ ግን ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር አውቶቡስ ይሳፈራል። ሲመለስ የሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቀዋለች። «ምን አለች? ምን ለብሳ ነበር? ፀጉሯን ማን ሠራት?» እሱ ደግሞ የወንድ ነገር፣ «ደኅና ናት። አድጋለች» ብሎ ያበቃል። ካውያ ያችን «አድጋለች» ይዛ ትገባና ብቻዋን ታመነዥካታለች። ምን ያህል ነው ያደገችው? እንዴት ነው የምታድገው? ፎቶም ይላክላታል፤ ፎቶ ግን ቁመት አይናገርም። እሷ ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «አቅፊኝ» የምትለው ድንቡሽቡሽ ልጅ ብቻ ናት።

በአምስተኛው ዓመት ሐኪሙ «በቃ፣ ድነሻል» አላት። በዚያ ቀን ካውያ ከሆስፒታሉ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ ትዝም አላላት። እኅትየው በስልክ «ትምህርት ይዘጋና ትምጣ» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ተሰባብሮ ነበር። ባልና ሚስቱ የቀለም ባልዲ የሚከማችባትን ጠባብ ክፍል አጸዱ። ቀለሜ የስንቱን ሀብታም ልጅ ክፍል ሲቀባ ኖሮ አሁን የራሱን ሊቀባ ነው፤ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በቀለሙ አልተጣሉም። ቢጫ ይሁን አለች፣ ቢጫ ሆነ። ጠቡ የመጣው በዕቃው ነው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰፊ ነበር፤ ከፊት የተሠራ ዕቃ ይሸጣል፣ ከኋላ መጋዝ ይጮኻል። ካውያ ገብታ ገና ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ቆመች። ዝቅ ያለች ነጭ አልጋ ናት፤ ግራና ቀኟ መከለያ አለው፤ ራስጌዋ ላይ ጥንቸል ተቀርጾባታል።

«ይቺን!» አለች።

ቀለሜ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ይቺ እኮ የሕፃን ናት።»

«እና የማን እንድትሆን ፈለግህ? የሽማግሌ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰባት ዓመቷ ነው! እግሯን የት ልታደርገው ነው? በመከለያው ልታሾልከው?»

«ትወድቃለቻ! በእንቅልፏ እንደምትንከባለል አታውቅም? ያን ጊዜ ወድቃ ግንባሯ ሎሚ አክሎ አልነበር?»

«ያን ጊዜ!» አለ ቀለሜ። እጇን ይዞ ወደ ሌላ ጥግ ወሰዳት። ረዥም አልጋ፣ ከሥሩ መሳቢያ ያለው፣ ከጎኑ የማጥኛ ጠረጴዛና የመጽሐፍ መደርደሪያ የተገጠመለት። ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰው። «ይኼ ነው የልጄ ዕቃ። ቁጭ ብላ ታጠናበታለች፤ እንደኔ ከኋላ ወንበር አትቀርም።»

«ቢሮ ልትከፍትላት ነው እንዴ? ጸሐፊም ቅጠርላት!»

«አንቺ ደግሞ ለአሻንጉሊት ነው የምትገዥው!»

እርሳስ በጆሮው የሰካው ባለሱቅ ጣልቃ ገባ። «ግዴለም፣ እዚህ ቤት ሳይጣላ አልጋ የገዛ ባልና ሚስት አላየሁም። ዋናው ከገዛችሁ በኋላ አለመጣላት ነው።» ማንም አልሳቀለትም።

«እናቷ ነኝ» አለች ካውያ። ፊቷ ግሎ ነበር። «የምትተኛበትን አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» አለ ቀለሜ። «አላየሻትማ! እየሄድኩ የማያት እኔ ነኝ። አሁንም ጉያሽ ውስጥ ያለች ይመስልሻል!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ካውያ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች፤ ቤት እስክትደርስ ዞር ብላ አላየችውም።

ተኮራረፉ። እሱ «ሻይ አለ?» ሲል እሷ ሳትመልስ ታስቀምጥለታለች። አንድ ቀን፣ ዳግም ሥራ በገባችበት ላውንደሪ፣ ከሚተኮሰው ክምር መሃል የሴት ተማሪ ዩኒፎርም ወጣ። አንገቱ ላይ «7» የሚል ምልክት ተሰፍቶበታል። ካውያ ትከሻውን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። የቀሚሱ ጫፍ ጭኗ ላይ ደረሰ። አጠገቧ ለምትሠራው ነፍሰ ጡር ጓደኛዋ አሳየቻት።

«ይኼ የሰባት ዓመት ልጅ ይመስልሻል?»

«ታዲያ የማን ይሁን? የእኅቴ ልጅ ልኳ ነው።»

«ተሳስተው ነው» አለች ካውያ፤ «ይኼስ የኮረዳ ነው።» ደጋግማ ተኮሰችው፤ መታጠፊያው እንደ ቢላ እስኪሆን።

በዚያው ሳምንት ቀለሜ ከሥራ ሲመለስ ጋሪ ገፊ አስከትሎ መጣ። ነጯ አልጋ ናት፣ ከነጥንቸሏ። ክፍሉ ውስጥ አስገባና ብሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ያልኩትን አላልኩም ቁጠሪው» አለ።

ካውያ አቀፈችው፣ ቀጥላ አልጋዋን አነጠፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስትመለስ አንድ ጊዜ፣ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ታስተካክላለች።

ትምህርት ተዘጋ፤ ቀለሜ ሊያመጣት ሄደ። እኅትየው አብራ አልመጣችም፤ «መሸኘት አልችልም፣ ከበር ውሰዳት» አለችው። ካውያ ያን ቀን ፈቃድ ጠይቃ ቤቱን ሁለቴ ወለወለች። በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ቀለሜ ቆሟል፤ ከፊቱ ደግሞ ረዘም ያለች፣ ቀጠን ያለች ልጅ፣ ፀጉሯ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ፣ ቦርሳ ያዘለች። ካውያ ዓይኗ ከልጅቱ ትከሻ አልፎ ከኋላዋ ሌላ ልጅ ፈለገ። ለአፍታ ነው። ግን ፈልጓል።

«እንደምን ዋሉ?» አለች ልጅቱ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

አክስቷ ጥሩ አድርጋ አሳድጋታለች፤ ለማታውቂው ትልቅ ሰው አንቱ በይ ብላታለች። አክስቷን «እቴቴ»፣ አባቷን «አንተ» ትላለች። እናቷን አንቱ አለቻት። ካውያ ጉንጯን ስትስማት ልጅቱ ዝም ብላ ተሳመች፤ አልሸሸችም፣ አልተጠጋችም።

«ጫማዬን የት ላስቀምጠው?» አለች ቀጥላ። «ቤትዎ እንዳይቆሽሽ።»

«ቤትሽ ነው እኮ፣ ሚጣዬ።»

ወደ ክፍሏ ወሰዷት። ልጅቱ ቢጫውን ግድግዳ ቀና ብላ አየች፤ ደስ አላት። ከዚያ ነጯን አልጋ አየች። መከለያውን በጣቷ ነካችው። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና ወደ ካውያ ተመለሰች።

«ሕፃን አለዎት?» አለች።

ቀለሜ መሬት መሬት አየ። ካውያ መከለያውን ይዛ ቁጢጥ አለች፤ ዓይኗ ከልጅቱ ዓይን ጋር እኩል ሆነ። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየቻት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በምትካቸው ትልልቅ ጥርስ ወጥቷል። ቅንድቧ የአባቷ ነው። አገጯ ላይ፣ መቼና በምን እንደመጣ የማታውቀው ትንሽ ጠባሳ አለ።

«ነበረችኝ» አለች። «አደገችብኝ።»

ልጅቱ የገባት አይመስልም፤ ግን «አይዞዎት» አለቻት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ያን ሌሊት ሚጣ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ አደረች። በማግስቱ ሦስቱም ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄዱ። ባለሱቁ አወቃቸውና ራሱን እየነቀነቀ መንገድ ለቀቀ። ቀለሜ ልጁን ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ወሰዳት። «እይ፣ መብራት እንኳ አለው!» ሚጣ በትሕትና አየችና «ያምራል» ብላ አለፈችው። ትልልቅ ሰው የሚተኛበት ሰፊ አልጋ ጋ ስትደርስ ቆመች። በክንዷ ለካችው።

«ይኼ ሁለት ሰው ይይዛል?» አለች ባለሱቁን።

«ሦስትም ይይዛል። ለማን ነው የኔ እመቤት?»

«ለኔና ለእቴቴ። ስትመጣ ከኔ ጋር ነው የምትተኛው። ብቻዋን እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ካውያ ጋለች። አምስት ዓመት ሙሉ ታማ ያሰበችው፣ ቀን የቆጠረችው፣ ለሌላ ሴት ቦታ ለሚለካ ክንድ ነበር? ቀለሜ ሚስቱን ያውቃታል፤ ጠብ መጣ ብሎ ትንፋሹን ያዘ። እሷ ግን የልጅቱን ክንድ እያየች ቆየች። ልጅ ሰው ሲናፍቀው እንዲህ ነው፤ ቦታ ይለካለታል። ይኼንን ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች።

«ይኼን ጫኑልን» አለች።

«ጠረጴዛውስ?» አለ ቀለሜ፣ ድምፁ ሟሽሾ።

«ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች። አስጠኚ እንደሆነ ቀለሜ የሚባል አባት አላት።»

አልጋው በበሩ አልገባ ብሎ ተፈታ፤ ውስጥ ተመልሶ ሲገጠም ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ ሞላው። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ቀጥታ አልጋው ላይ ነው የሚወጣው። ነጯን አልጋ ለነፍሰ ጡሯ ጓደኛዋ ሰጠቻት። አንሶላውን ግን ራሷ ገፈፈች።

ሚጣ ብቻዋን መተኛት አልለመደችም። «እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ይቀመጡልኛል?» ትላለች። ካውያ ዳር ላይ ትቀመጣለች፤ ቀስ በቀስ ጎኗን ማሳረፍ ጀመረች፤ ኋላ ኋላ እዚያው ታድራለች። አንድ ጧት ጎሕ ሲቀድ ልጅቱ በእንቅልፍ ልቧ ተገላበጠችና በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«ጠጋ በይልኝ» አለች።

አንቺ ያለቻት ማንን እንደሆነ ካውያ አላወቀችም፤ በሕልሟ ከእቴቴዋ ጋር ይሆናል። ቢሆንም ጠጋ አለችላት።

ቀኑ እየተቆጠረ ልጅቱ ትፍታታ ጀመር። አንዴ አንቱ፣ አንዴ አንቺ ትላታለች፤ ስትስቅ አንቺ፣ ስታጠፋ አንቱ። ካውያ አላረመቻትም። ከእቴቴ ጋር በስልክ ስታወራ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች፤ ቃል ለቃል እየተቀባበሉ፣ ካውያ ያልነበረችበትን ነገር እያነሡ ይንከተከታሉ። ካውያ በዚያን ጊዜ ወደ ኩሽና ትገባና ውሃ ትከፍታለች።

እኅትየው በቀጣዩ የትምህርት ዕረፍት መጣች። ከስታ ነበር። ሰፊውን አልጋ ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ሚጣ እየዘለለች «ያንቺ በግድግዳው በኩል ነው!» ትላለች። በማግስቱ ከሰዓት ሚጣ ከአባቷ ጋር ብሩሽ ልታጥብ ደጅ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው የታጠበ ልብስ ማጣጠፍ ያዙ።

«ቤቱ ጭር አለብኝ» አለች እኅትየው፣ ካልሲ እያጣመደች። «ሁለት ሰሃን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ።» ከዚያ የተናገረችው አሳፈራትና፣ «ተይኝ፣ ልጅሽ ናት» አለች።

ካውያ የሚጣን ሹራብ ጭኗ ላይ ዘርግታ እጅጌውን ስትዳብስ ቆየች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ምን ልጄ?»

«ከወሰዷት ቀን ጀምረው ይንገሩኝ። ጥርሷን፣ ጠባሳዋን፣ የታመመችበትን፣ ያሳቀችዎትን። ምንም እንዳያስቀሩ።»

«ሁሉንም? እንዴት ያልቃል?»

«አይለቅ።»

እኅትየው ካልሲውን አስቀመጠች።

«አውቶቡሱ ላይ ነው» አለች። «ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ መስታወቱን በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ "እማ ቀረች፣ እማ ቀረች" ትለኝ ጀመር። እኔ ትመጣለች አልኳት። ዋሸኋት። እንቅልፍ እስኪጥላት እየመታች ሄደች።»

ከደጅ የሚጣ ሳቅ ተሰማ። ካውያ ሹራቡን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

«ይቀጥሉ፣ እትዬ» አለች።