የራሔልን ፊርማ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ከካዛንቺስ ተነሳሁ። ራሔል ተማሪዬ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ በገባች በዓመቷ ለማንም ሳትናገር ጥላ ጠፋች። የማቋረጫ ቅጽ ሳይሞላ የወጣ ተማሪ ተመልሶ አይገባም። ቅጹን ያመጣችልኝ የዶርም ጓደኛዋ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ግቢ ትመለሳለች። ራሔል ዛሬ ካልፈረመች በቃ፣ አለቀላት። እኔ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፤ ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ የድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ እያልኩ ስጮህ ኖሬያለሁ።

ስልኳ አይሠራም፣ ግን ቤታቸውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። የት አለና! ሰፈሩ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩ ጥግ ሶፍት የሚሸጡ አዛውንት፣ «እነሱማ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ» አሉኝ።

«ስንተኛው ብሎክ አባባ?»

«እሱን እንግዲህ እግርሽ ይወቀው።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ስታዲየም

ብር ከሰላሳ አምስት ከፍዬ ወረድኩ። በጎተራ የሚያልፈውን የሳሪስ ታክሲ ለመያዝ ሦስት ጊዜ ተጋፋሁ፤ በአራተኛው የአንዱ ጎረምሳ ክርን ጎኔን ደቁሶኝ ገባሁ። ወይ አዲስ አበባ!

ስድስት ሰዓት፣ ጎተራ

ሦስት ብሎክ ጠይቄ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የራሔልን እናት አገኘኋቸው።

«ውይ ቲቸር! ምን እግር ጣለዎት! ራሔልማ ግቢ ናት። ሰኞ ደውላ፣ ፈተና ደርሷል፣ ጸልዪልኝ አለችኝ።»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ቅጹን እንደያዘ ቀረ። ለካ እናት አልሰሙም! «እርስዎ ባይኖሩ ልጄ የት ትደርስ ነበር?» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ናፍቃኝ ነው ብዬ ዋሸሁና አዲሱን ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ወረድኩ።

ከደረጃው ሥር ደወልኩ። ኡራኤል ዳቦ ቤት መቀጠሯን ነገረችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ኡራኤል

ፀጉሯ ላይ ዱቄት አለ፤ ከስታለች። ቆማ ፈረመች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ቲቸር፣ ትምህርቱ አልገባኝም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይሮጣል። አንዱን ፈተና ወደቅኩ፣ ሁለተኛውንም። እኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ነበርኩ እኮ! ማለቴ... አፈርኩ።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ዩኒቨርሲቲ እንድገባ ነው የመከሩኝ። ከገባሽ በኋላ ደውዪ አላሉኝም።»

ቁጣ የለባትም፤ እንዲያው ስትናገር ነው።

«አሁን አብረውኝ ጎተራ ይሂዱና ለእማዬ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም።»

ደክሞኛል አልኳት። እግሬ አብጦ ነበር፣ ውሸት አይደለም። ግን እናቷ ፊት መቆም ነው የፈራሁት። «እናት አይደለች? ራስሽ ንገሪያት፣ ይቅር ትልሻለች» ብዬ ታክሲ ውስጥ አስገባኋት። በመስኮቱ አየችኝ። እጄን አውለበለብኩላት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቴ

ቅጹን ለጓደኛዋ ሰጥቼ ገባሁ። ራሔል መመለስ ትችላለች፤ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። ጎተራ ደርሳ እንደሆን ብዬ ደወልኩላት፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ልጆችን በር ድረስ ሸኝቶ መመለስን ሥራ ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ዛሬም ያንኑ ሠርቼ መጣሁ።