እሱማ ሰላምታ ነው

በእኛ አገር «ደህና ነሽ?» ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እግሩ የተሰበረም፣ ከቀብር የተመለሰም የሚለው ይህንኑ ነው። ጠያቂው ካልተወው፣ ደጋግሞ ካፋጠጠው ነው «ኧረ ትንሽ አሞኝ ነበር» የሚለው። ሰላም ያለን ሰው ላይ ሕመምን መዘርገፍ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የምንተርተውም እኛው ነን። ታላቅ እህቴን የገደላት ይኸው ጨዋነታችን ነው ብል ብዙ ሰው ይቀየመኛል። ይቀየም።

መገናኛ፣ መጋረጃ ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ስለሆነ፣ ስታረግዝ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ፣ እናታችንና እኔ ወደምንኖርበት ቤት መጣች። ክትትል የጀመረችው በጊዜ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ሹራቧን ለብሳ ነበር የምትሄደው። «ጤና ጣቢያ ነው ሠርግ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ፊቷም ሞላ። ቀለበቷ አልወልቅ አለ፤ ጫማዋ አልገባ ብሏት የእኔን ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመረች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት አማረብሽ! ተመችቶሻል!» ይላታል። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሲታ የነበረችው ልጇ ገና አሁን ሥጋ አወጣች። ሾላ ገበያ ወርዳ የገንፎውን እህል ገዝታ መጣችና ታስፈጭ ጀመር።

የመጨረሻው ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደሩ በነፍሰ ጡር ተሞልቷል፤ አዋላጅ ነርሷ ግን አንድ ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላለችም። የክፍሉ በር ስለማይገጥም ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁሉን እሰማለሁ። የግፊት መለኪያው ሌላ ክፍል ተወስዷል። የሽንት መመርመሪያው አልቋል፤ «በሚቀጥለው ይታያል» ተባለች። ነርሷ ሆዷን ለካች፣ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጠች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በርቺ። ቀጣይ!»

ከግቢው እንደወጣን ግንባሯን ይዛ ቆመች።

«እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ሰሞኑን እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ።»

«ታዲያ ለሲስተሯ አትነግሪያትም?»

«መቼ ጠየቀችኝ?»

«ደህና ነሽ አላለችሽም እንዴ?»

«እሱማ ሰላምታ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እውነቷን ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ «ምች ነው የመታሽ» ብላ የዳማከሴ ቅጠል አሸችና ግንባሯን ቀባቻት፤ ጨምቃም በቡና አጠጣቻት። በእኛ ቤት ራስ ምታት ሁሉ ምች ነው። ዳማከሴ የሚያሽረው ሕመም መኖሩን አልክድም። ይኼኛው ግን ከዚያ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳለ «ብዥ አልሽብኝ» አለችኝ። ሻይዋን ሳትጨርስ ወለሉ ላይ ወድቃ መንፈራገጥ ጀመረች።

ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ይዤ የሚሸተኝ የዳማከሴው ሽታ ብቻ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ነው አለን፤ የፊቷና የእጇ ማበጥ፣ ራስ ምታቱ፣ የዓይኗ ብዥታ ሁሉ ምልክቱ ነበር።

«ክትትል አልነበራትም?»

«አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም፣ የኔ ጌታ» አለችው እናቴ።

እሷንም ልጇንም አጣን። በለቅሶው ሰሞን እናቴ ደረቷን እየደቃች የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ያበጠች ልጄን አማረብሽ አልኳት!» የገንፎውን ዱቄት ዓይኗ እያየ ማስቀመጥ ስላልቻለች፣ አራስ ላለበት ቤት ሰጠችው። እኔ ደግሞ ያቺን ነርስ ስረግማት ከረምኩ። ኋላ ያ ኮሪደር ትዝ ሲለኝ እርግማኑ ረገብ አለልኝ፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እህቴ ከቀጠሮ አልቀረችም። ከቀጠሮው ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

ዘንድሮ እኔም አረገዝኩ። እዚያ ጤና ጣቢያ እግሬ አልረግጥ ስላለኝ ሌላ ጋ ሄድኩ። ወረፋው እዚህም ያው ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ክንዴን ከሹራቡ አስወጥታ ግፊቴን ለካችኝ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እሱስ ይመስገን። ራስሽን ያምሻል?»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ዓይንሽ ላይ ብዥ ይልሻል? ፊትሽ ወይ እጅሽ አብጦ ያውቃል?»

በቃ፣ ይኼው ነበር። ለአንድ ትንፋሽ እንኳ የማይሞላ ጥያቄ። እንባዬ ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ደንግጣ ወንበሯን አስጠጋች።

«ውይ፣ በጣም ነው እንዴ የሚያምሽ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔን አይደለም» አልኳት። «እህቴን ነው።»