የወንድሜ ግሶች

ወንድሜን ተማሪዎቹ «ረዳት» ይሉት ነበር። ለማያውቅ ሰው የአውቶቡስ ረዳት ይመስለዋል። እሱ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ረዳት ግስ የዘለለ ተማሪ ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። «ሃቭ»ን ትቶ «አይ ሲን» ያለውን ልጅ ያስነሳና ሌላ ልጅ ጠርቶ ክንዱን ያስይዘዋል። «ሦስተኛው ግስ ብቻውን ደጅ አይወጣም!» ብሎ ሁለቱን ተያይዘው ክፍሉን ያዞራቸዋል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሱ አይስቅም። ቤትም ያው ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ድንች ስልጥ እሱ ግሶቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ይደረድራል። ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ዝም ይላል፤ የኔ ወንድም ግስ ጨመረ።

አንድ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ አንደበቱ ተዘጋ። ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው አንድያ ልጁ ፈቃድ ወስዳ መጣች። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ? እስቲ በስሜ ጥራኝ» አለችው። አያት፤ እንባው ወረደ፤ ቃል ግን የለም። ከመመለሷ በፊት አንዴ በስሟ እንዲጠራት እንጂ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

አንድ ቀን ሾርባ ስታጠጣው ለቀልድ ያህል «ድሪንክ» አለችው።

«ድራንክ፣ ድረንክ» አለ ወንድሜ ጥርት አድርጎ!

እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። የሚያክመው ሐኪም ግን፣ «እትዬ፣ ደስታዎን ላበላሽ አይደለም፤ ይሄ ንግግር አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን የደጋገሙትን አፋቸው በራሱ እያወጣው ነው። የልባቸውን መናገር አይችሉም» አለኝ። አፍህን ይቁረጠው ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።

ልጅቱ ሐኪሙን ልትሰማው አልፈለገችም። እሷ ግስ ስትወረውር እሱ ሲቀልብ መዋል ሆነ። እኔም ድምፁ ናፍቆኝ ስለነበር በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። እሱ ግን በየግሱ ማብቂያ ፊቱ ይጠቁራል። ሊል የፈለገውን ያውቃል፤ የወጣው ሌላ መሆኑንም ያውቃል።

የመሄጃዋ ቀን ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ እግሩ ሥር ተንበረከከች። «ግሱን ተወው አባዬ። ስሜን ብቻ።»

የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ስዊም» አለ። ደነገጠ። «ስዋም...» ብሎ ሦስተኛዋ ልትወጣ ስትል ግራ እጁን አንስቶ አፉን ከደነ። ልጅቱ እጁን ልታወርድለት ሞከረች፤ አልለቅ አላት። እንባው በጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

«በቃ አባዬ፣ ይሁን፣ በቃ» ብላ ግንባሩን ሳመችውና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ «ድሪንክ» ብዬው፣ «ራይት» ብዬው፣ ለምኜው፣ አልቅሼበት፣ አንዲት ግስ አልመለሰልኝም። ሐኪሙ ሕመሙ ከፍቶበት ይሆናል ይላል። ሐኪም ምን ያውቃል? ወንድሜ ለልጁ የማይሆን ቃል ከሚሰጣት ዝም ማለትን መርጦ ነው። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። የኔንም ስም አይጥራ፣ የሷንም አይጥራ፤ ድምፁን ብቻ ብሰማ ይበቃኝ ነበር።

ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። ስለ መድኃኒት ቤቱ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለታለች። ከዚያ እኔን ትጠራኛለች።

«አክስቴ፣ እየሰማኝ ነው?»

«እየሰማሽ ነው ልጄ፣ አውሪ።»