ጨዋዋ ልጅ የጮኸች ቀን

ልብስ ሰፊዋ በልጇ ጨዋነት ጉራዋን ስትነዛ የሚችላት አልነበረም። ልጅቷ ለትልቅ ሰው ብድግ የምትል፣ «እሺ» እንጂ «እምቢ» የማታውቅ፣ ስትናገርም ጆሮን ወደ አፏ ካላስጠጉ ድምፅዋ የማይሰማ ነበረች። ልኩን ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም።

አንድ ሰሞን በልጅቷ ትምህርት ቤት አካባቢ ልጆችን እያባበለ ሊወስድ የሚሞክር ሰው አለ ተባለ። ሰፊዋ «የኔዋስ አትሞኝም» አለች። ለማረጋገጥ ግን ልጅቷ አይታት የማታውቅ አንዲት ዘናጭ ደንበኛዋን በመውጫ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ላከች።

«እናትሽ አምጫት ብላኝ ነው» አለቻት ሴትዮዋ።

ልጅቷ «እሺ» ብላ ተከተለቻት። ይባስ ብላ የሴትዮዋን ቦርሳ ተቀብላ ይዛላታለች! ተያይዘው ሱቁ ሲገቡ ሰፊዋ ክው አለች።

በማግስቱ ስፌቱን አቁማ ማስተማር ጀመረች። «እኔ ሰውዬው ነኝ» ብላ ድምፅዋን ስታጎረንን ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

«አትሳቂ! እኔ ሰው ልኬ አላስወስድሽም። የማታውቂው ሰው ነይ ካለሽ እጁ ወደማይደርስበት ራቂ፣ ‹እምቢ፣ አላውቅህም› ብለሽ ጩኺ፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብለሽ ወደኔ ወይ ወደ መምህርሽ ሩጪ።»

«ይቅርታ፣ አልሄድም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ምን ይቅርታ አለው! ጩኺ እንጂ!»

«ነውር አይደል እንዴ፣ እማ? ትልቅ ሰው እኮ ነው።»

ይህን ያስተማረቻት ሰፊዋ ራሷ ነበረች፤ ስትኮራበት የኖረችው ነገር አስፈራት። «ልጅ የሚያታልል ትልቅ ሰው አይከበርም» አለቻት። በየቀኑ ቢለማመዱም ልጅቷ ግን አንድም ቀን አልጮኸችም።

አንድ ከሰዓት ሰፊዋ የደንብ ልብስ እየሰፋች ሳለ ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«እምቢ! አላውቅህም!»

የማን ልጅ እንደሆነች አልለየችም፤ የልጇን ጩኸት ሰምታ አታውቅማ! ብድግ ስትል ልጅቷ እየሮጠች ገብታ ተጠመጠመችባት። «እናትሽ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ልውሰድሽ» ያላትን ሰውዬ መኪናውን ሳያስነሳ የአካባቢው ባለሱቆች ከበውታል፤ ፖሊስም ተጠርቷል።

«እማ፣ ትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ» አለች ልጅቷ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!»

ሰፊዋ እያለቀሰችም እየሳቀችም ልጇን አቅፋ መንገድ ወጣች። የተሰበሰበው ሰው «ያቺ የጮኸችው የማን ልጅ ናት?» ይባባላል።

«የኔ ናት! የኔ!» አለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ።