የዓሣ ሚዛኑና የእኔ ፊርማ

በእነዚህ ስድስት ዓመታት ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መሻሬን፣ እናቴን መቆጣቴን፣ ሰው ማማቴን። ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አፍሬ አይደለም። «ልጄ፣ ሚዛኑ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ?» ብለው እንዳያቀሉልኝ ነው። እንዲቀልልኝ አልፈልግም። እናንተም እንድታቀሉልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ በአንድ ቁጥር ላይ ፈረምኩ።

ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ነው፤ እናቴ ከደጋ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ተመለስኩና እዚሁ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ማስተማር ጀመርኩ። ድምፄ ትንሽ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት «ቲቸር፣ አልተሰማም!» ሲሉኝ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እጄ ግን አያፍርም። ብሎንና ሽቦ ከያዝኩ ማንንም አልፈራም።

ይህን የሚያውቁት የብስክሌት አሰልጣኙ ጋሽ ደረጀ አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ይዘው መጡ። ብስክሌት ቤት ውስጥ ቆሞ የሚነዳበት የብረት ማቆሚያ ነው። የኋላ ጎማው ሮለር ላይ ይሽከረከራል፣ ሮለሩን ማግኔት ይይዘዋል፤ ነጂዋ ትረግጣለች፣ ብስክሌቱ ግን የትም አይሄድም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥልጠና ካምፕ ከየክልሉ ሴት ብስክሌተኞችን ሊወስድ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በአማካይ ሁለት መቶ ዋት የምትረግጥ ልጅ ትገባለች። ዋት የሚለካ መሣሪያ ግን አልነበረንም።

«ከዚህ ብረት ታወጪልኛለሽ?» አሉኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማግኔቱ ሮለሩ ሲጎትተው አብሮ መዞር እንዲችል በኩሽኔታ ላይ አስቀመጥኩት፤ እንዳይዞር የሚይዘው ክንድ አበጀሁለት። ክንዱ የሚገፋው ማያው ከተሰበረ የወጥ ቤት ሚዛን የፈታሁትን ሴንሰር ነው። ሌላ ትንሽ ሴንሰር የሮለሩን ዙር ይቆጥራል። ከግፊቱና ከፍጥነቱ ጉልበቱ ይሰላል። እያንዳንዱን ሽቦ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ጠንቃቃ ነኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።

የቀረኝ ለሴንሰሩ አንድ ኪሎ ስንት እንደሆነ መንገር ብቻ ነበር። ከማማ አሪየት፣ ድልድዩ አጠገብ ዓሣ ከሚሸጡት እናት፣ የሚንጠለጠለውን ሚዛናቸውን ተዋስኩ። በሚዛኑ ሴንሰሩን ጎተትኩ፤ መርፌው አምስት ላይ ሲቆም «ይህ አምስት ኪሎ ነው» ብዬ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁ።

ቅዳሜ ስድስት ልጆች ተፈተኑ። አምስቱ አልደረሱም። ስድስተኛዋ አቻን ነበረች፤ ከአቦቦ የመጣች፣ ለጤና ኬላ የክትባት ሳጥን በብስክሌት ወደ ቀበሌዎቹ የምታደርስ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀና ሳትል ረገጠች። ላቧ ከብስክሌቱ ሥር ኩሬ ሠራ። ሁለት መቶ ዘጠኝ።

«ኢንጂነር!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደረጀ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ወደ እኔ እያዩ።

አቻን መሪው ላይ እንደተደፋች ሳቀች። «ቲቸር፣ ማሽንሽ ክፉ ነው። በዚህ ሁሉ እኮ አቦቦ ደርሼ ነበር።»

ሰኞ ሚዛኑን መለስኩና ሁለት ኪሎ ዓሣ ገዛሁ። ማማ አሪየት እንደ ሁልጊዜው አንዲት ትንሽ ዓሣ ምራቂ ጣሉልኝ። በዚያ ቀን ደስተኛ ስለነበርኩ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ማማ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚጨምሩልኝ?»

«ደግነት መሰለሽ?» ብለው ሳቁ። «ይህ ሚዛን አርጅቷል፣ ልጄ። ቶሎ ይወርዳል፤ ሳይሞላ ሞላ ይላል። ገበያው ሁሉ ያውቃል። ትንሿ ዓሣ እሱ ለሚዋሸው ናት።»

ያቺን ምራቂ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቻለሁ። ምን እንደሆነች የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ?

እየሮጥኩ ኮሌጅ ገባሁ። አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን ሞልቼ፣ የባዶውን ጀሪካን ክብደት ቀንሼ፣ ሴንሰሩ ላይ ሰቀልኩት። አምስት ሊትር ውሃ አምስት ኪሎ ነው፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ የማስተምረው ነው። ማሽኔ አምስት ተኩል አለኝ፤ ሁሉን ነገር በአሥር በመቶ ያጋንናል። ባሮ አጠገብ እየኖርኩ መጀመሪያውኑ ውሃ አላሰብኩም! ወረቀት ላይ አሰላሁት። የአቻን እውነተኛ ቁጥር መቶ ዘጠና ነበር።

ያ ስህተት ነው። ስለ ስህተቱ አይደለም የምናዘዘው።

ረቡዕ ጋሽ ደረጀ ቅጹን አመጡ። ከአቻን ስም ጎን 209 ተጽፏል። ከሥሩ «የመለኪያውን ትክክለኛነት አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር ነበረ። እስክሪብቶ ሰጡኝ። ቁጥሩን አየሁት። ፈረምኩ።

ለምን? እናቴ ብታውቅ «ዓይን አፋር ነሽ፣ አፍ አውጥተሽ መናገር አቅቶሽ ነው» ትለኛለች። አይደለም! ዓይን አፋርነቴን ማንም ሰበብ አድርጎ እንዳያቀርብልኝ። «አይ፣ ተሳስቻለሁ» ለማለት ድምፅ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ሰርዞ 190 መጻፍ ይበቃ ነበር፣ እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነበር። የፈረምኩት ስለፈራሁ አይደለም። «ኢንጂነር» መባሉን ስለወደድኩት ነው። ለአቻን አስቤ ነው እንዳልል ደግሞ፣ በዚያች ደቂቃ አቻን ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለኝ ማሽኔ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ አቻን የጤና ኬላውን ሥራ ለቅቃ ሄደች። ካምፑ በራሱ ማሽን ለካት። መቶ ሰባ ዘጠኝ። በሳምንቷ መለሷት። «ይሄን ቁጥር ማን ሰጠሽ?» ብለው በሰው ፊት ስቀውባታል። በሥራዋ ሌላ ሰው ገብቶ ጠበቃት።

እዚህ ደግሞ ሁሉም ምክንያት አገኘላት። ከፍታው ነው፤ የቆላ ሰው ነች፣ ደጋ ላይ አየር አጠራት። ሰማሁ። ዝም አልኩ። ከጎደለው ሠላሳ ዋት አሥራ አንዱን ከፍታው ወስዶት ሊሆን ይችላል። አሥራ ዘጠኙ የእኔ ነው። የእኔን ውሸት ሳንባዋ ላይ ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። መፈረሜ አንድ ቀን ነበር፤ ዝምታዬ ግን አምስት ዓመት።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ደረጀ አንዲትን አዲስ ልጅ «አንቺም ከአቦቦ ነሽ? የቆላ ልጅ እዚያ አይችልም። የአቻንን አላየሽም?» ሲሏት ሰማሁ። የእኔ ፊርማ ሕግ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ድምፄ ተሰማ።

ልጅቷን ወደ ብስክሌቷ ላኳት። ከዚያ «አልፏል፣ ልጄ። የክልሉን ስም አታጥፊ» አሉኝ።

አልታዘዝኳቸውም። ለካምፑ በስሜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ከዚያ ወደ አቦቦ ሄድኩ። አቻን አልዌሮ ግድብ አጠገብ ሩዝ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ነበረች። ማሳው ዳር ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ይቅርታ ከጠየቅሁ መልስ መስጠት ግድ ይሆንባታል፤ በዚያ ላይ ሌላ ሥራ ልጨምርባት?

«እውነቱ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«መቶ ዘጠና።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «አሥር?»

«አሥር።»

«ከመሄዴ በፊት ሁለት ወር ነበረኝ፣ ቲቸር። ‹ደርሰሻል› ስላላችሁኝ አረፍኩ። አሥር ጎደለሽ ብትይኝ...»  ማጭዷን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አምስት ዓመት ሙሉ የውሸት ቁጥር የሰጠኋት ይመስለኝ ነበር። የወሰድኩባት ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጉድለቷን ነው የወሰድኩባት፤ ልትሞላው የምትችለውን፣ የራሷን አሥር።

ማሽኑን አላፈረስኩትም፤ አላፈርስምም። ጥሩ ማሽን ነው። በውሃ አስተካክዬዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ብስክሌት የያዘ ሰው ቆመ። አቻን ነበረች። ሰላም አላለችኝም። ማሽኑ የሚፈተሽበትን ጀሪካን ልሞላላት እጄን ስዘረጋ ነጠቀችኝ። ቧንቧው ዘንድ ሄዳ ራሷ ሞላች፣ ራሷ ሰቀለች፣ የማሽኑ ማያ አምስት እስኪል ጠብቃ አየች። ከዚያ ብስክሌቷን ማቆሚያው ላይ አስራ መርገጥ ጀመረች።

እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከ ዛሬ ውሃውን እንድነካ አትፈቅድልኝም። እንድትፈቅድልኝም አልለምናትም።